ጠበል የጠጣችው መኪናዬ

ይህን የምጽፈው መኪናዬን ላሻሽጥ አይደለም። እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው በነፃም ብሰጠው አይወስዳትም። የምጽፈው ስላፈርኩ ነው። እፍረት እንደ ጉንፋን ነው መሰለኝ፣ ለሰው ሲያጋቡት ትንሽ ቀለል ይላል። ስለዚህ ፈንጠር ብላችሁ አንብቡኝ።

መኪናዬ ጃፓን ተወልዳ፣ የት የት እንደዞረች የማይታወቅ ዕድሜ አሳልፋ፣ በመጨረሻ እኔ እጅ የወደቀች ናት። የኪሎሜትር ቆጣሪዋ ሦስት መቶ ሺህ ሊሞላ አንድ ኪሎሜትር ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔም ሰው ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ አርባ ላይ ከቆምኩ ሰንብቻለሁና አልፈረድኩባትም። ክላክሷ የሚሰማው መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ብቻ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለ እግረኛ በራሱ ዕድል ይሻገራል። የሾፌሩ በር ደግሞ ከውጭ አይከፈትም። እንግዳ ስጭን መጀመሪያ እኔ በእንግዳው በር ገብቼ፣ በእንግዳው ወንበር ላይ ተንፏቅቄ አልፌ መሪዬን እይዛለሁ። እንግዳው እስከዚያ ውጭ ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

ዋናው ጉድ ግን ፋኑ ነው። ሞተር ሲሞቅ በራሱ ተነስቶ ራዲያተሩን ማቀዝቀዝ የነበረበት ፋን ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ያገኘሁት አንድ ኤሌክትሪክ ሠሪ ከመሪው ሥር የቤት መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ገጠመልኝና “ዳይሬክት አድርጌልሃለሁ” አለኝ። ትርጉሙ እኔ ቴርሞሜትር ሆንኩ ማለት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ቀጭ አድርጌ አበራለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ቀጭ አድርጌ አጠፋለሁ። የሞተሩን ሙቀት የሚያመጣጥነውን ተርሞስታት የሚባል ዕቃም “ለእኛ አገር አያስፈልግም” ብሎ ነቅሎ ጣለልኝ። እኔም አመስግኜ ሄድኩ።

ኢሳይያስ የሚባል መካኒክ አለኝ፣ ጋራዡ ኮተቤ ነው። ፕሮቴስታንት ነው፤ አይጠጣም፣ አይዋሽም። የማይዋሽ መካኒክ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ቶሎ አይሄዱበትም። አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ አንድ በአንድ ካየ በኋላ በአንድ የፊልትሮ ካርቶን ክዳን ላይ ሦስት ነገር ጽፎ ሰጠኝ፦ ፋኑ በራሱ እንዲነሳ ይሠራ፣ ተርሞስታቱ ይመለስ፣ ከውሃ ይልቅ ኩላንት የሚባለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይሞላ። ካርቶኑን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ካርቶኑን አንድ ዓመት ሙሉ ሳልለቅ፣ ግን አንዱንም ሳላደርግ ቆየሁ። የራሴ ፍልስፍና ነበረኛ። አሮጌ መኪና ካልነካኸው አይነካህም የሚል ፍልስፍና። ለሰውም ሁሉ አስተምረው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጋሽ ደገፋ ልምጣ፣ ልቤም የሚከብደው እዚህ ጋ ነው።

ጋሽ ደገፋ፣ እዚህ ላምበረት፣ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈራችን ሰፈር ሳይሆን በፊት እርሻቸው እዚሁ ነበር፤ በኋላ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ከክረምት ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው፣ ልባቸውን ያማቸዋል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ታዞላቸዋል፣ እሳቸው ግን ክኒኑን ያለ እንጦጦ ማርያም ጠበል አይውጡም። በቧንቧ ውሃ የተዋጠ ክኒን ሆዴ ውስጥ መንገድ ይጠፋዋል ይላሉ። ሐኪሙም ብልህ ሰው ነው፣ ክኒኑን ይዋጡ እንጂ በምን እንደሚውጡት አልጠየቀም። ስለዚህ በዚያ ቤት ጠበል አለቀ ማለት መድኃኒት ቆመ ማለት ነው። ጋሽ ደገፋ በየቅዳሜው ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዘው፣ ታክሲ የሚወስዳቸውን ያህል ወስዷቸው፣ የቀረውን ዳገት በሁለት የታመመ ጉልበት ይወጡታል።

አንድ ዓርብ ጀሪካኑን ሲያጥቡ አየኋቸውና አፌ ቀደመኝ። መኪና በር ላይ ቆማ እርስዎ በእግርዎ እንዴት ይሆናል፣ ነገ እኔ ነኝ የምወስድዎ አልኳቸው። ጋሽ ደገፋ ወደ መኪናዋ ዞረው ጎማዋን፣ መስታወቷን፣ በሽቦ የታሰረ መከላከያዋን ተመለከቱ።

“ትወጣለች?” አሉኝ።

ተቀየምኩ። እንዲያውም ተቀይሜ ሌሊት ስድስት ላይ ባልነቃሁ ኖሮ፣ በማግስቱ ያን ያህል ባልፎከርኩ ነበር።

ወጣች። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ቆመን፣ ሁልጊዜ የምይዛቸውን ሁለት የውሃ ጠርሙሶች ራዲያተሩ ውስጥ ጨርሰን ነው የወጣችው፤ ግን ወጣች። ጋሽ ደገፋ በመንገዱ ሁሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልዩ ነበር። ለእትዬ አሰለፈች መስሎኝ ልቤ ተነካ። አሁን ሳስበው ለመኪናዋ ነበር።

ላይ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። እሳቸው ተሰልፈው፣ ቀድተው፣ ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው መጡና የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ በቀስታ አስቀመጡት። “አደራ እንዳይገለበጥ” አሉኝ። እኔ ምን ችግር አለ ብዬ ክዳኑን ጠረቀምኩት፤ በቀስታ ከተዘጋ አይዘጋማ።

ቁልቁለት ለአሮጌ መኪና ሠርጓ ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሹን ፎሌ አድርጌ፣ ያለ ማርሽ ለቀቅኳት፣ ባትሪውም ይረፍ ብዬ የፋኑን ማብሪያ ቀጭ አድርጌ አጠፋሁ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ኢሳይያስ በፎሌ ቁልቁለት መውረድ ነፍስን ለፍሬን ሸራ ማስረከብ ነው ብሎኛል። ጋሽ ደገፋም ፍሬን በሌለበት በእሳቸው በኩል ወለሉን በቀኝ እግራቸው አጥብቀው ይረግጡ ነበር። እኔ ግን ወሬ ላይ ነበርኩ። የወሬዬን ርዕስ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፦ አሮጌ መኪና ለመያዝ ዋናው ነገር ትኩረት ነው እያልኩ እያስረዳኋቸው ነበር።

እያስረዳሁ መገናኛ ደረስን። ቅዳሜ ረፋድ መገናኛ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም። ጋሽ ደገፋ የባለቤታቸው ክኒን ማለቁን አስታወሱና መድኃኒት ቤት ልግባ አሉ። መቆም የማይፈቀድበት ቦታ ዳር ይዤ አወረድኳቸው። እሳቸው ሕዝቡ ውስጥ እንደገቡ ኮፈኑ ሥር የሆነ ነገር ትስስስ አለ። ማብሪያውን አየሁት። ጠፍቷል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከዚያ በላይ መሄጃ አጥቶ ጥግ ላይ ተጋድሟል። ቀጥሎ ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ መስታወቱን ሸፈነው፣ ሰው ዞር ዞር ብሎ ያይ ጀመር።

ሞተሩን አጥፍቼ ስወጣ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ አጠገቤ ቆማለች። ከኋላዬ ታክሲዎች ተደርድረው ክላክስ ይነፋሉ፣ አንዱ ረዳት አንገቱን አውጥቶ “አባባ፣ ሽሮው ፈላ!” አለኝ። ትራፊኳ ቶሎ እንዳነሳት፣ አለዚያ ታርጋዬን እንደምትፈታ ነገረችኝ። ትንሽ እንድትበርድ ብዬ ለመንኳት፣ ጠበቀችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ከዚያ ውሃ የለህም ወይ አለች። ጠርሙሶቼን ላሳያት የኋላውን ክፍል ከፈትኩ፣ ሁለቱም ባዶ ናቸው። እሷ ግን ጠርሙሶቹን አላየችም።

“ይኸው ሙሉ ጀሪካን ውሃ አለህ አይደል እንዴ?” አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ጠበል ነው ብላት ኖሮ ምናልባት ተሳልማ ራሷ ታስገፋልኝ ነበር። የሁለት ቃል ነገር ናት። አልወጣችልኝም። በዚያ ሁሉ ክላክስ መሃል፣ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ፣ መኪናዬ ውሃ አጥታ ጠበል ይዣለሁ ማለት እንደ እብድ የሚያስቆጥረኝ መሰለኝ። ከመዋረድ ብዬ ከመዋረድ የባሰውን አደረግሁ። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ከፈትኩና የእትዬ አሰለፈችን ጠበል ጉድ ጉድ ጉድ እያደረግሁ አፈሰስኩት። ጠጣችው፣ አምስቱንም ሊትር። ግርጌ ላይ አንድ ብርጭቆ እንኳ ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም።

ተነሳች። ፋኑን አብርቼ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነድቼ ጥጉን ስታጠፍ ምን ባይ ጥሩ ነው? ላቫጆ። ሦስት ጎልማሶች በወፍራም ጎማ ቱቦ መኪና ያጥባሉ፣ ውሃው መንገድ ላይ ይፈስሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፣ እኔ ግን ያፈሰስኩት የማይለቀም ነው። ጀሪካኑን አውጥቼ ሙሉልኝ አልኳቸው። አንዱ ቱቦውን ከተተበት፣ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀ፣ ጢም አለ። የቧንቧ ውሃ ነው፣ ሁላችንም የምንጠጣው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጋሽ ደገፋ የመድኃኒት ፌስታላቸውን ይዘው፣ ፈልገው ሲያገኙኝ እጄን እያደራረቅሁ ነበር።

ቤት ስንደርስ ጀሪካኑን ራሳቸው አወጡት። አንዴ አነሱት፣ አስቀመጡት፣ አዩት። “ከበደኝ” አሉ። ልያዝልዎ ብል እንቢ አሉኝ።

ገብቼ እትዬ አሰለፈችን እንድጠይቅ የግድ ሆነ። ጋሽ ደገፋ አንድ ብርጭቆ ቀዱ፣ አፍንጫቸው አጠገብ ትንሽ ያዝ አደረጉት፣ ከዚያ ሰጧቸው። እትዬ አሰለፈች አማትበው፣ አዲሱን ክኒን አፋቸው ውስጥ አድርገው፣ በላቫጆ ውሃ ዋጡት። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ፣ ጣሪያውን አየሁ። ምርቃቱ ግን አልቀረልኝም፣ በኦሮምኛም በአማርኛም መጣ። “ገለቶሚ ልጄ፣ አንተ ባትኖር በእግራቸው ነበር” አሉኝ። ይኼ አልበቃ ብሎ፣ ከስንት ቀን በኋላ በሰው ትከሻ ተደግፈው ከአልጋቸው ተነሱና እስከ አጥሩ በር ወጡ። ከብርጭቆው የተረፈውን በመዳፋቸው እየቀዱ መኪናዬን ረጯት፤ ኮፈኗን፣ ጣሪያዋን። ከክፉ ነገር ይጠብቃት አሉ። እውነተኛው ጠበል ውስጧ ነው፣ የላቫጆው ላይዋ ላይ ይንጠባጠባል። ጎረቤቱ ሁሉ አሜን አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማዋን አየሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ መኪናዋ ደህና ሆነች። ፋኑን ረስቼ እንኳ መርፌው መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ መርፌውን ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ሙቀቱ ከሞተሩ ወደ እኔ ተዛወረ። ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ ጋሽ ደገፋን እንደምን አደሩ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ትንሽ ቆም ይላሉ። እኔ ጨርቄን አንስቼ መኪናዬን ማጠብ እጀምራለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት መኪና አጥቤ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት አልቻልኩም፣ ኢሳይያስ ጋ ሄድኩ። ካርቶኑን አውጥቼ ሦስቱንም ሥራልኝ አልኩት። ደስ አለው። መኪናዋ ሥር ተኝቶ ገባ፣ አሮጌውን ውሃ ለማፍሰስ የራዲያተሩን ማፍሰሻ ይፈታ ጀመር። እኔ ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይፈስም። ቤታችን ውስጥ የልጆች እጣቢ እንኳ ጠበል ከነካው የሚደፋበት ቦታ የተለየ ነው። የጋራዡ መሬት ደግሞ ዘይትና ጭቃ ነው።

“መሬት ላይ እንዳታፈሰው” አልኩት።

“ዘይት እኮ አይደለም። ውሃ ነው።”

“ውሃ አይደለም።”

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ነገርኩት። ንስሐ የሚገባው ተንበርክኮ መስሎኝ ነበር፤ እኔ የተናዘዝኩት መኪና ሥር ለተኛ ሰው ነው፣ የሚታየኝም ጫማው ብቻ ነበር። ስለ ክላክሱም፣ ስለ ትራፊኳም፣ ስለ ላቫጆውም፣ ስለ ምርቃቱም ነገርኩት። ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ስጨርስ ተንሸራቶ ወጣና እጁን ጠረገ። ይስቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀም።

“ስለ ጠበሉ እኔ አልናገርም፣ የእናንተ ነው” አለኝ። “አደራ ግን የሁላችንም ነው። ሰውየው ያውቃሉ?”

“አያውቁም።”

“መኪናህን እሠራልሃለሁ። ያኛው ብልሽት ግን እኔ ጋ አይሠራም።”

አንድ ሳፋ በሳሙና አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ከሥር ደገነው። የወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል፣ የስንት ዓመት ዝገት ይዞ መጣ። በራሴ ጀሪካን ቀዳሁት። ኢሳይያስ ተርሞስታቱን መለሰ፣ ፋኑ በራሱ እንዲነሳ አደረገ፣ ኩላንቱን ሞላ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የኩላንቱን ልክ እንዳይ መከረኝ፤ ከጎደለ የት እንደሄደ ፈልግ እንጂ ዝም ብለህ አትሙላ አለኝ። ያንን የቤት መብራት ማብሪያ ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሁለት ዓመት የሸሸሁት ነገር ግማሽ ቀን ነበር።

ዓርብ ማታ ጋሽ ደገፋን መኪናዋ ጋራዥ ናት፣ ነገ አልወስድዎትም አልኳቸው። መኪናዋን ከሰዓት በኋላ ኢሳይያስ ጋ መልሼ አቁሜያት፣ የሐሙሱን ጋራዥ ለቅዳሜ ተጠቀምኩበት፣ አዲስ ውሸት ላለመጨመር። ፊታቸውን ለማየት አፍሬ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ቅዳሜ በጠዋት፣ ሳያዩኝ ልቅደም ብዬ፣ ዝገት የገባበትን ጠበል ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ። ታክሲው ካወረደኝ በኋላ ያለውን ዳገት በእግሬ ተያያዝኩት። እዚያ ነው የጋሽ ደገፋ ጉልበት የገባኝ። ሰው ሁሉ ጠበል ይዞ ሲወርድ እኔ ጠበል ይዤ እወጣለሁ። አንዲት ባልቴት ቆመው ጀሪካኔን አዩና በሐዘን “አልበጀህም፣ ልጄ?” አሉኝ። ምን ልበላቸው፣ አልበጀኝም አልኩ።

ላይ ደርሼ ከአጥሩ ሥር እግር የማይደርስበት ዛፍ ፈለግሁና ቀስ ብዬ አፈሰስኩት። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወርድ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

“ምንድን ነው የምታፈሰው?”

ጋሽ ደገፋ ናቸው። ጀሪካናቸውን ቀድተው ጨርሰዋል፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቆመዋል። መሸሻ የለኝም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስነግራቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“አውቃለሁ” አሉኝ።

ባዶ ጀሪካኔን መሬት አስቀመጥኩ።

“እኔ ጢም አድርጌ አልቀዳም። እጄን ስለማውቀው ሁለት ጣት አጎድላለሁ። አንተ ጢም አድርገህ መለስክልኝ። አደራ ሲጎድል ነበር የማውቀው፣ ሲሞላ ያየሁት ያን ቀን ነው።”

ታዲያ ለእትዬ አሰለፈች ለምን ሰጧቸው አልኩ። አልጋ ላይ ሆና ጠበሉ መጣ ወይ ስትለኝ ምን ልበላት አሉ። ያን ቀን ክኒኗን ትዋጥ ብለው ዝም አሉ። በማግስቱ እሁድ ውሃውን ደፍተው፣ እዚሁ መጥተው ሌላ ቀድተዋል።

“በምን መጡ?”

“በእግሬ ነዋ።”

በእኔ መኪና ምክንያት እኚያ ጉልበቶች በአንድ ሳምንት ይህን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጡት ማለት ነው። ከዚህ በላይ ማፈር ይቻላል አይቻልም አላውቅም፣ እኔ የደረስኩት እዚህ ድረስ ነው። ለምን እንዳልተቆጡኝ ጠየቅኋቸው።

“አንተ እንድትነግረኝ ጠበቅሁሃ። ስምንት ቀን ሙሉ። እንደምን አደሩ ትለኛለህ፣ ዛሬ ሊነግረኝ ነው ብዬ እቆማለሁ፣ አንተ መኪናህን ታጥባለህ።”

ጀሪካናቸውን ተሸክሜ አብረን ወረድን። ሁለት ጣት ጎደሎ ስለነበር በየእርምጃው ውስጡ ይንቦጫረቅ ነበር፣ እስከ ታች ድረስ እሱን እየሰማሁ ሄድኩ። መኪናዋ ተሠርታለች ወይ አሉኝ። ተሠርታለች አልኳቸው። እንግዲያው ለሚቀጥለው ቅዳሜ በጊዜ ተነስ አሉኝ።

ይኸው አሁን በየቅዳሜው እንወጣለን። በፎሌ አልወርድም። መርፌው መሃል ላይ ነው፣ ፋኑ ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ይተኛል፣ የሾፌሩም በር ሳይቀር ከውጭ ይከፈታል። እትዬ አሰለፈች እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ጋሽ ደገፋ ይቅር ብለውኛል፣ ደግመውም አላነሱብኝም። የኋላውን ዕቃ መጫኛ አጥቤ፣ እንዳይገለበጥ ብዬ ምንጣፍ አንጥፌበታለሁ። እሳቸው ግን ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ክዳኑን በመዳፋቸው ከድነው፣ እንዲያ እንደያዙት ነው ቤት የምንደርሰው።